ወሬውን ሳይጨርስ የዘጋሁት ጠጅ

ባለፈው ግንቦት የመጨረሻዋን ጋኔን ለጎረቤቴ ለደረጀ ሰጠሁት። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ማር ስበጠብጥ ከጋኑ ውጭ የሚፈሰው በዝቷል፤ የጌሾ ሸክምም አቅቶኛል። ልጆቼ ይብቃሽ ማለት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እኔ የሰማሁት ግን እጄ ሲናገር ነው። ደረጀ ውሃ ሲጠፋ ማጠራቀሚያ አደርጋታለሁ አለኝ። ይሁን አልኩት። ጋን ባዶውን ከሚቀመጥ ውሃም ቢሆን ቢይዝ ይሻላል።

ሊሸከማት ጎንበስ እንዳለ እየሳቀ፣ «እማማ፣ ይቺ የዚያች የአሻጥረኛዋ ጋን ናት አይደል? በውሃም እንዳታፈነዳኝ» አለኝ።

ደረጀ ክፉ ልጅ አይደለም። ነገሩ ሲሆን እናቱ እንኳ ገና አላገባችም ነበር። ከእናቱ የሰማውን ነው የተናገረው። እኔ ግን በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰፈራችን ሰቶ ሰመሮ ውስጥ እኔን አስካለን የማያውቅ የለም። በውሃ ወረፋ ላይ የሰው ተራ ሲዘለል የምጮኸው እኔ ነኝ። እድር ላይ ለድሃ ቀብር ድንኳኑ አርጅቷል ሲባል፣ ለሀብታሙስ ትናንት ከየት መጣ ብዬ የምነሳው እኔ ነኝ። በአንድ ነገር ላይ ብቻ፣ መጮህ በነበረብኝ ነገር ላይ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ዝም ብያለሁ። አሻጥረኛ የምትባለው ሴት እትዬ በለጠች ናት። ሥራዬን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሻጥረኛ አልነበረችም። ይህን ለመጻፍ ነው ወረቀት ያስገዛሁት። ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ያ ፊደል ምን እንደሠራ ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ።

ጅማ የገባሁት ከሰኮሩ ነው። ባሌ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከሸዋ አምጥቶ ሰኮሩ መንገድ ዳር አስቀመጠኝ፤ ሁለት ልጅ ከወለድን በኋላ ጊቤ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ለሹፌሮች ምግብ የምታቀርብ ሴት ዘንድ ተቀጠርኩ። ባለቤቲቱ ለሹፌሩ ሥጋውን፣ ለገበሬው መረቁን ትጨልፋለች፤ የምታስከፍለው ግን እኩል ነው። በሁለተኛው ሳምንት ይህን በሰው ፊት ተናገርኩና በዚያው ቀን ተባረርኩ። አንድ ሹፌር አዝኖልኝ፣ ጅማ ውስጥ ጠጅ የምትጥል እትዬ በለጠች የምትባል ሴት እጅ ትፈልጋለች ብሎ ከነልጆቼ ጭኖ ወሰደኝ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ሻሿን ስታስር ሁልጊዜ ቀኝ ጆሮዋን ውጭ ትተወዋለች። እኔ ያን ጊዜ ጌጥ መስሎኝ ነበር። ስለ አገሬም ስለ ዘሬም አልጠየቀችኝም። እጄን ያዘችና አሸተተችው።

«ሽንኩርት የላጠ እጅ ጋን ውስጥ አይገባም» አለችኝ። «ሦስት ቀን ልጆችሽን እያበላሽ ተቀመጪ። ከዚያ እናያለን።»

ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ ቤትና እህል ግን ከሷ ነው። በአራተኛው ቀን ጋን ማጠብ አስተማረችኝ። ጋን በሳሙና አይታጠብም፤ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ፀሐይ ላይ ይደፋል፣ በወይራ ይታጠናል። ማሩ የቡ ከምትባል ከተማና ከዚያ ወዲያ ካለው ጫካ በበቅሎ ይመጣል። ማሩን በውሃ በጥብጠን ሰፈፉ ወደ ላይ ሲወጣ እንለቅመዋለን፤ ጌሾውን ቀቅለን እንጨምራለን፤ ከዚያ ይፈላል። ይህን ማንም ባለሙያ ሴት ትችለዋለች። እትዬ በለጠች ከሌላው የምትለየው ከዚያ በኋላ ባለው ነው፤ ጠጅ ማጥለልና ማጥራት ላይ።

ማጥለያዋ አሮጌ ነጠላ ነበር፤ ከመታጠብ ብዛት የሳሳ። አዲስ ጨርቅ ሽታ አለው ብላ አታምነውም። በንጹህ ውሃ ብቻ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ጠጁ በቀስታ ይንቆረቆርበታል። መጨረሻ ላይ ጨርቁ ከብዶ ሲንጠለጠል ሁሉም ሰው መጭመቅ ያምረዋል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ጭምቅ ላደርገው ስል እጄን መታችኝ።

«ጨርቅ አይጨመቅም። የወረደው ወርዷል። ያልወረደው መውረድ ያልፈለገ ነው።»

የተጠለለው ጠጅ ሌላ ጋን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። እዚያ ሰው አይነካውም። ድፍርሱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርድና ላዩ እየጠራ ይሄዳል። ጋኑን ማዘንበል ክልክል ነው፤ የተኛውን ይቀሰቅሳል። እትዬ በለጠች የጠራውን የምትስበው በቀጭን ጎማ ነው። ጎማው ላይ ክር አስራለች፤ ክሩ ጋኑ አፍ ላይ ሲደርስ የጎማው ጫፍ ከታችኛው ድፍርስ አራት ጣት ከፍ ብሎ ይቆማል ማለት ነው። ከዚያ በታች ንጉሥ ቢመጣ አትስብም።

ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ጆሮዋን ጋኑ ሆድ ላይ ትለጥፋለች። ቀኝ ጆሮዋን። የሻሹ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ ትቆያለች። ወይ «ገና ያወራል» ትላለች፣ ወይ «ዝም ብሏል»። ገና ያወራል ካለች ብርሌ ላይ ወርቅ ቢመስል አትዘጋውም። ጠጅ ለዓይን ሲጠራ ውስጡ ያለቀ ይመስላል እንጂ አላለቀም፤ መፍላቱን በድብቅ ይቀጥላል። «ወሬውን ሳይጨርስ አፉን አትዝጊበት» የምትለኝ ለዚህ ነበር። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ጆሮዬን እየለጠፍኩ ምንም አልሰማሁም። አንድ ቀን ግን ሩቅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ሮጬ ነገርኳት። «እንግዲህ ጠጅ ጣይ ሆንሽ» አለች፤ ከሷ አፍ የወጣልኝ ምስጋና ያ ብቻ ነው።

የማንስማማበት ነገር አንድ ነበር። ላይ የጠራው ጠጅ ለፊተኛው ክፍል ይቀርባል፤ ነጋዴው፣ ጸሐፊው፣ መምህሩ ይጠጣዋል። ከክሩ በታች የቀረው ድፍርስ፣ አምቡላው፣ በጓሮ በኩል ለቡና መጋዘን ጫኝና አውራጆች በርካሽ ይሸጣል። ይህ የሷ ፈጠራ አይደለም፤ ጠጅ ቤት ሁሉ እንዲሁ ነው። እኔን ግን አንገበገበኝ።

«ጆንያ ሲሸከም የዋለ ሰው ከታች ያለውን የሚጠጣው በምን ጥፋቱ ነው?» አልኳት።

«ጋን ላይና ታች አለው። እኔ አልፈጠርኩትም።»

«ሰውስ?»

«ሰውንም እኔ አልፈጠርኩትም። ጨርቁን አጥቢ።»

ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። ያን ነገር በሆዴ ይዤው ኖርኩ።

አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ ተወረሰ። ጠጅ ቤቱ የቀበሌ ክበብ ሆነ። እትዬ በለጠች ከኋላ አንዲት ክፍል ተተወችላትና በገዛ ቤቷ ሠራተኛ ሆነች። እኔ ደግሞ ከጭቁኑ መደብ ነሽ ተባልኩና የመጠጥ ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። እንዳልተደሰትኩ አድርጌ ብጽፍ ውሸት ነው። በዘመኔ ሁሉ ታዝዤ፣ አዛዥ ስባል የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማጥለያውን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና፣ «ጓድ ኃላፊ፣ ጨርቁ ይታጠብ ወይስ መጀመሪያ ስብሰባ እናድርግበት?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም።

ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይሉ ይባል ነበር። መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ የነበረ፣ ትሁት፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ለሰፈሩ ቧንቧ ያስገባው እሱ ነው፤ ይህንንም መናገር ፍትሕ ነው። እኔንም መሠረተ ትምህርት ግቢ ብሎ የገፋፋኝ እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ የዘመቻ ተማሪ እየመጣች ክበቡ ውስጥ ታስተምረን ነበር። ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፍ አንድ ሰሌዳ ሞላሁ። ማንበብም ቻልኩ፤ በጣት እየተከተልኩ፣ ቀስ እያልኩ፣ ግን አነባለሁ።

የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ጓድ ኃይሉ ጠራኝ። ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ፤ በጠርሙስ የታሸገ የቀበሌያችን ጠጅ ይቅረብላቸው አለ። እኔም እድሉን አገኘሁ አልኩ። ለእንግዶቹ ከቀረበ ለጫኝና አውራጆቹም ይቅረብ፤ ያው ጠጅ፣ ያው ጠርሙስ፣ አምቡላ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይቅር አልኩት። ደስ አለው። በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ።

ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ጠጅ ግን አልነበረም። አንደኛው ጋን አልቆ ነበር። ሁለተኛው ከተጠለለ ገና ብዙ ቀን አልሆነውም። የላዩ ብቻ ቢሳብ ለእንግዶቹ ይበቃል፤ ጫኞቹ እንደ ድሮው ከታች ያለውን ሊጠጡ ነው። እሱን ደግሞ ብሞት አላደርገውም። ስለዚህ ጋኑን እስከ ወለሉ ልገለብጠውና ሁሉንም እንደገና ላጠልለው ወሰንኩ። አዲስ አቡጀዴ አስመጣሁ፣ በድርብ አደረግኩት፣ መሐሉ ጥጥ ነሰነስኩበት።

እትዬ በለጠች መጣችና ከመገልበጤ በፊት ጆሮዋን ጋኑ ላይ አሳረፈች።

«ገና ያወራል» አለች።

«እትዬ፣ እስቲ ብርሌው ላይ ይዩት። ጠርቷል እኮ።»

«ዓይን ይሸነገላል። አስካለ፣ አምስት ቀን ታገሺው።»

«በዓሉ አምስት ቀን አይጠብቅም።»

«እንግዲያው የታችኛውን አትንኪ። የላዩን ያጠራው የታችኛው ዝም ብሎ መተኛቱ ነው። እሱን ከቀሰቀስሽው ሁሉም እንደገና ይጀምራል።»

ይህን ስትል እኔ ስለ ጠጅ የምታወራ አልመሰለኝም። ስለ ፊተኛው ክፍልና ስለ ጓሮው የምታወራ መሰለኝ። «የታችኛው ዝም ብሎ የሚተኛበት ዘመን አልፏል፣ እትዬ» አልኳት። ሠራተኞቹ ሰሙ። አንዱ አጨበጨበ። እሷ ፊቷ አልተለወጠም።

«ካልሽ ይሁን። ቡሹን ግን ተዪው። በቆረቆንዳ ዝጊው፤ ቆረቆንዳ ይተነፍሳል።»

ጓድ ኃይሉ ከየት እንዳገኘው እንጃ እውነተኛ ቡሽና ማሰሪያ ሽቦ አምጥቶልኝ ነበር። «በእንግዳ ፊት በቆሎ ቆረቆንዳ?» አልኳት።

«እንግዳ ቆረቆንዳውን አይበላውም» አለችና ወጣች። ያን ቀን እጇን አላስገባችበትም።

እኔ ሁሉንም አጠለልኩት። ጨርቁ ከብዶ ሲንጠለጠል ጨመቅኩት። በሁለት እጄ፣ እስከ ክርኔ ማር እየሆንኩ፣ ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ጨመቅኩት። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ጠርቶ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ቢይዙት ማዶው ይታያል። ቡሹን መታሁ፣ በሽቦ አሰርኩ። በሳጥን በሳጥን ደርድሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ውስጥ አስቀመጥኩት። ክረምቱ መውጣቱ ነበር፤ ደመናው በዚያ ሳምንት ተገለጠና ፀሐይ ወጣች። እኔ ለበዓሉ መልካም ምልክት ነው አልኩ። ቆርቆሮ በፀሐይ ምን እንደሚሆን ግን ማንም ያውቃል።

ክበቡን የምትጠርገው ዘይነባ የምትባል የየቡ ልጅ ነበረች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ታንሳለች። ሃይማኖቷን የምታከብር፣ ጠጅ በከንፈሯ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት። ብርሌ ስታጥብ እንኳ አፍንጫዋን በሻርፗ ትሸፍን ነበር። በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት መጋዘኑን ልትጠርግ ገባች። ሳጥኖቹ መንገድ ዘግተውባት ስለነበር አንዱን አነሳች።

እኔ ውጭ ሆኜ የሰማሁት ተኩስ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ መሬት ይይዛል። እኔም ተኛሁ። ሌሎቹም ተኙ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ተከተለ። የጠጅ ሽታ ሲመጣ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። ተነስቼ ስሮጥ ዘይነባ ሻርፗን ፊቷ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ማሎ፣ እባክሽ አስካለ» አለችኝ፣ «ዓይኔ ውስጥ ማር ገባብኝ። እጠቢልኝ።»

ማር አልነበረም። ሻርፑን ገልጬ ያየሁትን አልጽፈውም። ሆስፒታል ወሰድናት፤ ግራ ዓይኗ ጠፋ።

ስንመለስ ጓድ ኃይሉ ከአብዮት ጥበቃዎች ጋር ክበቡ ውስጥ ቆሟል። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቧል። ማነው የዘጋው ብሎ ጠየቀ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ይህን በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ግን መልስ አልጠበቀም። ቀድሞ የወሰነ ሰው ሲጠይቅ መልስ አይጠብቅም። እንግዶች በሚመጡበት ቀን የሕዝብ ጠጅ የሚፈነዳው የተወረሰበት ሰው ካለበት ቤት ነው አለ። ሁሉም እትዬ በለጠችን አየ። እሷ እኔን አየችኝ፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ «ጋኑ የእኔ ነበር» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወሰዷት።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ኃይሉ ቢሮው አስጠራኝ። በቃለ ጉባኤ የተጻፈ ወረቀት ፊቴ አደረገ። ኃላፊ ስለሆንሽ መፈረም አለብሽ አለኝ። እንዳስተማሩኝ ጣቴን አስቀምጬ አነበብኩት። ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሱ አልተቆጣም፣ ጠበቀኝ። የቀድሞዋ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ በለጠች ሆን ብላ አሻጥር ለመሥራት ያልደረሰ ጠጅ በጠርሙስ እንደዘጋች፣ እኔም እንዳየሁ ይላል። ጣቴ «በለጠች» የሚለው ላይ ቆመ።

«ልጆችሽ ስንት ናቸው?» አለኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ሁለት።»

«ይደጉልሽ» አለኝ።

ፈረምኩ። ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ አየውና ጽሕፈትሽ አምሯል አለኝ። ስሜን ሰሌዳ ላይና ደብተር ላይ ጽፌ አውቃለሁ። ወረቀት ላይ፣ ለጉዳይ፣ የጻፍኩት የመጀመሪያው ያ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ጠርሙሶቹን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አስጠንቅቃኛለች፣ ወረቀቱ ይሰረዝ አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ፊርማሽ አለ፤ አሁን ውሸት ነበር ካልሽ ሁለት ሰው ይታሰራል እንጂ አንድ ሰው አይፈታም አለኝ። የዘይነባም ዓይን አይመለስም አለ። ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ መጮህ እችል ነበር። በውሃ ወረፋ እንደምጮኸው። አልጮህኩም።

አምስት ወር ታሰረች። ዘመድ ስላልነበራት ስንቅ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። በየቀኑ አገልግል ይዤ እሄዳለሁ፤ ጠባቂው ይቀበለኛል፤ የትናንቱን ይመልስልኛል። ሌሎች እስረኞች አገልግሉን እንደበሉበት ይመልሱታል። የሷ ሁልጊዜ ታጥቦ ነበር የሚመጣው፤ በዚያ ውሃ በሌለበት ቦታ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ። ቃል አልላከችብኝም። ስድብ ብትልክብኝ ይሻለኝ ነበር።

የተፈታች ቀን ወደ ክፍሏ አልገባችም። ቀጥታ ጋኖቹ ወዳሉበት ሄደች። ሻሿን ሁለቱንም ጆሮዋን ሸፍና አስራለች። ከሁሉ በፊት ያየሁት እሱን ነው። ፈራሁ፤ ቆሜ ቀረሁ።

«ወረቀቱን አሳይተውኛል» አለችኝ። «አንብበሽ ነው የፈረምሽው?»

ገና መማሬ ስለነበር አልገባኝም ብላት የሚያምነኝ ብዙ ነው። ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንብቤ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «አላነበብኩትም ብትዪኝ ዳግመኛ ዓይንሽን አላይም ነበር።»

ከዚያ ሻሿን ከቀኝ በኩል ገለጠችና ጆሮዋን ጋኑ ላይ አሳረፈች። እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች። ጋኑን አቅፋ ቦታ ለወጠች፤ ደግሞ ቆየች። እዚያ ውስጥ በጥፊ መትተዋት ነበር፤ ከምቱ በኋላ ጆሮዋ መግል ይዞ ሰንብቷል። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ያን ጊዜ ያየሁት ግን ከፊቷ ነው። እናት የልጇን ትንፋሽ ስታጣ የሚሆነው ፊት ነው።

«ነይ» አለችኝ። «አንቺ ስሚልኝ።»

ጆሮዬን አሳረፍኩ። ካፊያው ይወርድ ነበር።

«ገና ያወራል» አልኳት።

«ተዪው እንግዲያው» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ በኋላ እስክትሞት አራት ዓመት በጆሮዬ ሠራን። ስለዚያ ነገር ደግማ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ይቅርታ ከጠየቅኩ አደባባይ መውጣት ስለነበረብኝ ነው። ቀብሯ ላይ የመጣው ሰው በጣት ይቆጠራል። አሻጥረኛ ናት እየተባለ ማን ይታያል። ዘይነባ ግን አንድ ዓይኗን በሻርፕ ሸፍና መጣች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። እዚያው ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያን ሰሞን እጅሽ እስከ ክርንሽ ማር ነበር። የሷ እጅ ደረቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ወረቀቱ አልቋል።» ቆይታ ደግሞ፣ «የዓይኔስ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው፤ ለእሱ ይቅር ብዬሻለሁ። የሷን ስም ግን እኔ ይቅር ማለት አልችልም። ለእኔ ነገርሽኝ፤ ለሰው ንገሪ» አለችኝ።

እሺ አልኳት።

ክበቡን ለቅቄ፣ ከእትዬ በለጠች ጋኖች አንዷን ይዤ፣ የቡ ወረድኩ። እዚያ ለሠርግና ለክርስትና ጠጅ ስጥል ዓመታት አለፉ። ልጆቼ ሲያድጉ ጅማ ተመልሼ የራሴን ቤት ከፈትኩ። መንግሥት ተለወጠ፤ ጓድ ኃይሉም ወዴት እንደደረሰ አላውቅም። የምፈራው ሰው አልነበረም። ግን ሰው ጠጄን የሚወድበት ምክንያት ነበረው። «የአስካለ ጠጅ ፈንድቶ አያውቅም» ይሉ ነበር፤ «እንደዚያች እንደ በለጠች አይደለም።» እኔ በር ላይ ቆሜ እየሰማሁ እቀዳለሁ። በሷ ጋን፣ ከሷ በተማርኩት፣ ጨርቁን ሳልጨምቅ፣ ከክሩ በታች ሳልስብ። አምቡላውን ለማንም አልሸጥኩም፤ ጓሮ ነው የደፋሁት። ከጋኑ ግርጌ ያለው ለሰው የሚገባ አልነበረም፤ የእኔ ስህተት ሰውን ከሱ ማዳን ሲገባኝ እሱን ለሁሉም እኩል ማካፈሌ ነው። ይህን ለመረዳት አንድ ዓይንና አንድ ጆሮ ጠፍቷል፤ ሁለቱም የእኔ አይደሉም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ደረጀን ጠርቼ አነበብኩለት። ጣቴን አስቀምጬ፣ ቀስ እያልኩ። ሲያልቅ ተነስቶ ጋኗን ልመልስልዎ አለኝ። አትመልስ፣ ግን የማን እንደሆነች ሲጠይቁህ የእትዬ በለጠች ናት በል፣ ስሟን በስሟ ጥራ አልኩት። «እናቴ ይህን ወሬ ከነገረቻቸው ሰዎች ሁሉ ጋር እነጋገራለሁ» አለ። ይሁን፤ ከብዙዎቹ ግን ቀብር ቀድሞታል።

ዘይነባ አሁን የምትኖረው ከልጇ ጋር ነው፤ ያለ ምርኩዝ አትራመድም። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። እሷ ማንበብ አልተማረችም። እስከዚህ ድረስ አነበብኩላት፤ በቀረላት ዓይን ወረቀቱን እያየች አዳመጠች። ዘግይተሻል አላለችኝም። ጥሩ አደረግሽም አላለችኝም።

«ኤዬ፣ እሺ» አለች ስጨርስ። «ፈርሚበት እንጂ።»

ጠርሙሶቹን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እትዬ በለጠች ከልክላኝ ነበር።

አስካለ